የአቶ ወንድይራድ እሳት

ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ አቶ ወንድይራድ ሕልም አዩ። ሕልም የሌሊት ነው የሚል ካለ የደብረ ብርሃንን የከሰዓት እንቅልፍ አያውቀውም። ብርዱ ውጭ ያፏጫል፤ ሰውዬው ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ተኝተዋል፤ አናታቸው ላይ እንቁላል የምታክል ለጋ ቅቤ ተቀምጣለች፤ ሆዳቸው ውስጥ ደግሞ ከኪያርና ከወተት በቀር ምንም የለም። እንዲህ ሆኖ የተኛ ሰው ደህና ሕልም ያያል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው።

ቅቤውንም ኪያሩንም ያዘዘችው ልጃቸው ምንታምር ናት። ምንታምር ኮሌጅ ሳለች የአንድ ህንዳዊ መምህሯ ባለቤት አዩርቬዳ የሚባለውን የአገራቸውን የጥንት ሕክምና አስተምረዋታል። በዚያ ትምህርት ሰው ሁሉ ባሕርይ አለው። አንዱ ነፋስ ይበዛበታል፣ አንዱ እሳት፣ አንዱ ደግሞ ውሃና መሬት። የበዛውን ቀንሶ ያነሰውን የሞላ ሰው ጤናው ይስተካከላል።

«ይሄንማ አባቶቻችንም ያውቁታል» አሉ አቶ ወንድይራድ መጀመሪያ ስትነግራቸው። «የኛ ግን አራት ነው። ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት። ህንዶቹ አንዱን የት ጥለውት ነው ሦስት የሆነባቸው?»

«ውሃንና መሬትን አጋብተዋቸው ነው፣ አባዬ።»

«ማን ፈቅዶላቸው?»

ምንታምር ወረቀት አውጥታ መጠየቅ ጀመረች። ሲርብህ ትቆጣለህ? «ስጠግብም እቆጣለሁ።» ላብ ያልብሃል? «ሰው ሲያናድደኝ።» ሰው ቶሎ ያናድድሃል? «አሁን አንቺ እያናደድሽኝ ነው።» ሌላ ሃያ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፤ ወረቀቱን አጠፈችው። እሳት ናቸው።

ለነገሩ ወረቀት አያስፈልግም ነበር። አቶ ወንድይራድ ሃያ ስምንት ዓመት የደሴን መንገድ በአውቶቡስ ሲመላለሱ ጣርማ በር ላይ ከጉም ጋር ሲሰዳደቡ የተሰሙ ሹፌር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሰድቡት ጉም ሲያጡ ወደ ሽማግሌ ዞሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ምንታምርን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቱንም አባረሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳል አበዛችሁ ብለው፤ ሁለተኛዎቹን የልጁ አጎት አንድ ጊዜ በትርፍ ጭነት አታሎኛል ብለው፤ ሦስተኛዎቹን ያለ አንዳች ምክንያት፣ የአንደኛውን ባርኔጣ በግቢው በር አሻግረው ወርውረው። እሳቸው ባይሉት እኔ ልናገረው፦ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ያንን ቤት የሞላችው ምንታምር ብቻ ናት። እሷ ስትወጣ ከአራት ባዶ ክፍል ጋር ብቻቸውን እንዳይቀሩ ፈርተው ነው።

አራተኛዎቹ ሽማግሌዎች አርባ ቀን አስቀድሞ ለትናንቱ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጠሩ። የላካቸው ናሁሰናይ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ምንታምርም ትወደዋለች።

«አባዬ፣» አለቻቸው፣ «ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እነዚህን ካባረርክ አምስተኛ የሚልክ የለም። እኔም ሁለተኛ እዚህ ቤት አታየኝም።»

ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም፤ ያ ነው ያስፈራቸው። እናም ለአርባ ቀን በርበሬ ቀረ፤ ጩኸት ቀረ፤ የድንብላል ውሃ ተጠጣ፤ አናት በቅቤ ታሸ፤ ከምሳ በኋላ መጋደም ግዴታ ሆነ። በቀጠሮው ቀንም ምንታምር «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እቀሰቅስሃለሁ» ብላ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አደረገችላቸው።

ገና ዓይናቸው ከመከደኑ አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ።

የራሳቸው አውቶቡስ ነው፤ መሪው ግን የለም። እሳቸው የተቀመጡት ከኋላ ወንበር ላይ ነው፤ የቀረው ተሳፋሪ በሙሉ ነፋስ ነበር። ነፋስ እንዴት ይታያል ቢሉ፣ ጋቢ ለብሶ ነዋ። ጋቢው ተቀምጧል፤ ውስጡ ማንም የለም። መስኮቱ ሁሉ ግጥም ተደርጎ ተዘግቷል። አቶ ወንድይራድ ትንፋሽ አጥሯቸው አጠገባቸው ያለውን መስኮት ገፋ ቢያደርጉት አውቶቡሱ በአንድ አፍ ጮኸ።

«ኧረ ዝጉት! ሰው ይገባል!»

«ትንሽ አየር ቢገባ ምናለ?» አሉ።

«አየሩማ እኛ ነን» አለች አንዲት አሮጊት ነፋስ፣ አንገቷን በሻሽ እየጠቀለለች። «ታናሽ ወንድሜን ባለፈው ክረምት ጣርማ በር ላይ ሰው መታው። ይኸው እስከ ዛሬ አንገቱን ማዞር አቅቶት አለ። ዳማከሴ ቢያሹት፣ ፌጦ ቢያጠጡት፣ ሰውየው ካጥንቱ ገብቶ አልወጣ አለ።»

«ሰው እኮ ክፉ ነው» አለ ከፊት የተቀመጠው ጋቢ። «በተለይ ላብ ላይ ካገኘህ።»

አቶ ወንድይራድ ሃያ ስምንት ዓመት በመስኮት ጉዳይ ከተሳፋሪ ጋር ተጣልተዋል፤ እንዲህ ያለ ክርክር ግን ገጥሟቸው አያውቅም። መልስ ሲፈልጉ ረዳቱ መጣ። ረዳቱ አውሎ ነፋስ ስለነበረ መጀመሪያ ኮፍያው ደረሰ፣ ቀጥሎ እሱ።

«ባሕርይ!» አለ።

«ቲኬት አለኝ።»

«ቲኬት ማን ጠየቀዎት? ባሕርይ ያውጡ!»

ኪሳቸውን ቢፈትሹ ያገኙት የምንታምርን ወረቀት ነው። ረዳቱ አነበበውና ኮፍያው ከራሱ ላይ ብድግ አለ። «እሳት ናቸው!» አለ። «እሳትና ነፋስ ባንድ አውቶቡስ! አገር ልናቃጥል ነው እንዴ?» ጋቢዎቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። «ወራጅ አለ!» ተባለ። አውቶቡሱ ሳይቆም እሳቸው ወረዱ።

የወረዱት ገበያ መሀል ነው። ገበያው ደርቷል፤ ሰው በመደብ በመደብ ተከምሮ ይሸጣል፤ የሚገዛው አትክልት ነው። ካሮት ዘንቢል አንጠልጥሎ ይዞራል። ቀይ ሽንኩርት የአንድ ሰውዬ ኮት፣ ሹራብና ሸሚዝ በየተራ እየላጠ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። አቶ ወንድይራድ ምን ጉድ ነው ሲሉ ራሳቸውን ከሁለት የሒሳብ መምህራን ጋር መደብ ላይ ተደርድረው አገኙት። አንዲት ወፍራም ኪያር ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መጣችና ጉንጫቸውን ጫን ጫን አደረገች።

«ይሄ በስሏል ወይስ ተቆጥቷል?»

«ሁለቱንም ነው፣ እመቤቴ» አለች ሻጭዋ። ሻጭዋ ጥቅል ጎመን ነበረች።

«ቅቤ ደግሞ ለምን ተቀባ? ያረጀውን አሳምራችሁ ልትሸጡልኝ ነው?»

ከጎኗ የቆመችው በርበሬ ሆዷን ይዛ ወደ ኋላ አለች። «እኔ እንኳ ሰው ትቻለሁ፤ ጨጓራ አለብኝ። ባለፈው አንድ ሹፌር ቀምሼ ሳምንት ሙሉ ሲያቃጥለኝ ከረመ።»

«ወተት አልጠጣሽበትም?»

«ወተቱም ሰው ሰው አለኝ።»

አቶ ወንድይራድ ደማቸው ፈላ። እኔ ለሽያጭ አይደለሁም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጎመኗ ቀደመቻቸው። ሁለቱን መምህራን ዘንቢል ውስጥ ከታ፣ እሳቸውን በኮሌታቸው አንሥታ ከላይ ጣል አደረገቻቸው።

«እኒህ ምርቃት ናቸው» አለች።

ሃያ ስምንት ዓመት ሕዝብ ያመላለሰ ሰው እንደ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ምርቃት ሆኖ መሄዱ፣ ከመሸጡ ይልቅ ቆረቆራቸው።

ኪያሯ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ጤና ጣቢያ ገባች። ደጁ ላይ ሐኪሞች ተሰልፈው በሽተኛ ይጠብቃሉ። አንደኛው ሐኪም የአቶ ወንድይራድን እጅጌ ያዘ። «ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ነኝ፤ በሽተኛ አልደረሰኝም። ለነፍስዎ ብለው ትንሽ ያስሉልኝ።» ሳሉለት። ሐኪሙ መርቋቸው፣ ተፈውሶ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች በቅሎ ተቀምጣለች። ኮቴዋን የእጃቸው አንጓ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የደም ሥራቸውን አዳመጠች።

«አባትዎ ማን ይባላሉ?»

አቶ ወንድይራድ የአባታቸው ስም ድንገት ጠፋባቸው። «እናቴ ደህና ሴት ነበሩ» አሉ።

«ሁሉም እንዲህ ይላል» አለች በቅሎዋ፤ መዝገቧም ላይ ጻፈችው። «እሳትዎ ዘጠና ከመቶ ነው። ነፋስ ትንሽ ጢምዎ ውስጥ አለ። ውሃ የለም። መሬትም ከጫማዎ ሶል በቀር አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እሳቱን ማውጣት ነው።»

«ሁሉንም? ትንሽ ቢቀር ምናለ?»

«እኛ ጋ ትንሽ የሚባል ነገር የለም።»

የደረታቸውን ክዳን እንደ መኪና ሞተር ከፍታ በብረት ደገፈችው። እሳታቸው ወጣ። አጠር ያለ፣ ቀላ ያለ፣ የሹፌር ኮፍያ የደፋ ሰውዬ ነው። ቆም ብሎ በቅያሜ አያቸው።

«ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ነዳን» አላቸው። «ያን ሁሉ ውርጭ ማን ነበር ያሻገረህ? በል እንግዲህ፣ ያስማማህ።»

በሩን ወርውሮት ወጣ። አቶ ወንድይራድ መልሰው ሊቆጡት ፈልገው ነበር፤ መቆጫው ግን አብሮት ሄዷል። በቅሎዋ ጄሪካን አምጥታ ራዲያተር እንደሚሞላ እስከ አፍ ገደፋቸው ውሃ ሞላቻቸውና ክዳኑን ዘጋች። ስትወጣም እግራቸውን ረገጠች።

«ኮቴዎ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እግሬን ስላስቀመጥሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አቶ ወንድይራድ።

እንዲህ ያለ ቃል ከራሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምተው ደነገጡ። ድንጋጤው እንኳ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥ ተናወጠና ረጋ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እሳቸውንም እያሳሳቀ ወሰዳቸው። መንገዱን ይዘው ቁልቁል ሲፈሱ ላገኙት ሁሉ እሺ ይላሉ። ድንጋይ «ዞረህ ሂድ» ሲላቸው እሺ። ቦይ «በዚህ ግባ» ሲላቸው እሺ። እሺ እሺ ሲሉ ከራሳቸው ሳሎን ደረሱ።

እዚያ የእሳቸው ወንበር ላይ ምንታምር ተቀምጣለች። የእሳቸውን ጋቢ ለብሳ፣ የእሳቸውን ከዘራ ጭብጥ አድርጋ፣ ግንባሯን ልክ እንደ እሳቸው ቋጥራለች።

«ሰው ይመጣል፤ ጓዳ ግባ» አለቻቸው።

«እሺ፣ እንዳሉ» አሉ።

የወለዷትን ልጅ አንቱ ማለታቸው ምንም አልደነቃቸውም። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሙና ዓይናቸውን መሬት ተክለው በእግራቸው ጣት ሲሚንቶውን ይጭሩ ጀመር።

በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። አሮጊቷ ነፋስ፣ ኪያሯና በቅሎዋ ናቸው፤ ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል።

«አረፍ በሉ» አለች ምንታምር።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አናርፍም» አለች በቅሎዋ። «አባትሽን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ማን ነው?»

«ልጃችን ቤት ነው። ባዶ ቤት። ባለ አራት ክፍል ነው፤ ጨዋ ነው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። አባትሽን ካየ ጀምሮ መዝጊያው አልገጥም ብሎታል።»

«ዘሩስ?»

«በአባቱ ድንጋይ፣ በእናቱ ጭቃ። እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ሰው የለበትም።»

አቶ ወንድይራድ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሰሙ። ባዶ ቤት! ያን ሁሉ ሽማግሌ ያባረሩት እሱን ሸሽተው አይደል? አልሄድም ብለው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ውሃ ነው። «እሺ» ብሎ በአገጫቸው ወረደ።

ምንታምር ግን ከዘራውን አነሣች። «አባቴ ገና ልጅ ነው! ውጡልኝ!» ብላ የኪያሯን ባርኔጣ ነጠቀችና በግቢው በር አሻግራ ወረወረችው። ሽማግሌዎቹ እየተረጋገጡ ሮጡ። አቶ ወንድይራድ መጋረጃውን ሳሙት። የአባቷ ልጅ!

ደስታቸው አልቆየም። በማግስቱ እሑድ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ምንታምር አባረረቻቸው። በማግስቱም እሑድ ሆነ። እዚያ አገር ሌላ ቀን አልተፈጠረም። እሷ ከወንበሩ ሳትነሣ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ ባርኔጣ ስትወረውር ፀጉሯ ነጣ። ቀጥሎ ቅንድቧ ነጣ። ያንን ከዘራ ሳትደገፈው ቀና ማለት አቃታት። ናሁሰናይ አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ገልመጥ አድርጎ አያት፤ አላወቃትም፤ መንገዱን ቀጠለ።

አቶ ወንድይራድ ከመጋረጃው ወጡ። «ምንታምር፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?»

«አንተን እየጠበቅሁ ነዋ» አለች።

ያኔ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን ባዶ ቤት በመስኮት አዩት። አራት ክፍል ነው። በሩ አረንጓዴ ነው፤ የእሳቸውም በር አረንጓዴ ነው። አንደኛው ደረጃ ተሸርፏል፤ የእሳቸውም ተሸርፏል። ዞር ብለው ሳሎናቸውን ቢያዩት ቁም ሣጥኑ የለም፤ ምንጣፉ የለም፤ ግድግዳው ላይ የሚስታቸው ፎቶግራፍ የለም። የቆሙበት ቤትና ደጅ የቆመው ቤት አንድ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሽማግሌ ያባረሩት እዚያው ባዶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ነው፤ ልጃቸውንም አብረው አስረጅተዋታል።

በሩን በርግደው «ሽማግሌዎች! ተመለሱ!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ውሃ ሆኖ በደረጃው ወረደና መሬት ሰረገ። እንደገና ሊጮኹ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ነቁ።

ከሳሎን ሳል ይሰማል። የሽማግሌ ሳል! ሰዓቱን ቢያዩት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሰዎቹ ቀድመው መጥተዋል። አቶ ወንድይራድ ከአልጋው ዘለው ወረዱና አንድ እግር ጫማ ብቻ አጥልቀው ወደ ሳሎን በረሩ።

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ገና አልተቀመጡም። መካከል ያሉት አቶ ሽብሩ በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ እኒህን አስቸጋሪ ሹፌር የሚያለዝብ ንግግር ሲያሰናዱ አራት ቀን ከርመዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበሩ አቶ ወንድይራድ፣ ዛሬ እኛ ደጅዎን የረገጥነው...»

«ሰጥቻለሁ!» አሉ አቶ ወንድይራድ።

አቶ ሽብሩ ግራና ቀኛቸውን አዩ። «ምኑን ነው የሰጡት?»

«ልጄን! ምንታምርን! ውሰዷት!»

«እኛ እኮ ገና አልጠየቅንም።»

«ምን ያደክማችኋል? በሉ ተቀመጡ። ኧረ መቀመጡም ይቅር፤ ይዛችኋት ሂዱ። ሻንጣዋን እኔ አወጣላችኋለሁ።»

በእኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ ወጉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። በልቡ ቢፈነድቅ እንኳ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ከዘመድ ጋር እንምከርበት» ይልና ቀጠሮ ይሰጣል። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ደጅ ሲጠና፣ ያኔ ነው ልጅቷ የምትከብረው። አቶ ሽብሩ በሽምግልና ዘመናቸው ተሰድበዋል፣ ውሻ ተለቆባቸዋል። እንዲህ ያለ መርዶ ግን ደርሶባቸው አያውቅም።

«ይሄ ያ ባርኔጣ የሚወረውረው ሰውዬ አይደለም?» አሉ በግራ የቆሙት በሹክሹክታ። «እሱ እንዲህ ከቸኮለ፣ ልጅቷን ምን ቢያገኛት ነው?»

«ሕመም ይኖርባት ይሆን?» አሉ በቀኝ የቆሙት።

«ምንም የለባትም!» አሉ አቶ ወንድይራድ። «ጤነኛ ናት! ዛሬውኑ ውሰዷትና እዩዋት!»

አቶ ሽብሩ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈጉ። ያ የአራት ቀን ንግግር አንዱም ለዚህ አልሆነም።

«አቶ ወንድይራድ» አሉ በመጨረሻ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛም ዘመድ አዝማድ አለን። ሄደን እንምከርበት። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ይስጡን።»

አቶ ወንድይራድ መቆጣት አማራቸው። ግን አርባ ቀን በኪያር የከረመ ሆድ ምን ቁጣ ይወጣዋል? በጨዋ ደንብ እስከ ግቢው በር ሸኟቸው።

ሲመለሱ ምንታምር ከጓዳ ወጥታ ሳሎኑ መሀል ቆማ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፤ እጇ ላይ ምንም ያልተቀዳበት የእንግዳ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ አለ። ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያማራት አታስታውቅም። ትሪውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አባቷን ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አባዬ፣» አለች፣ «በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ‹እንምከርበት› ማለት ምን ነበረበት?»